ስድስት መቶ አርባ ደረጃ የኋሊት

አስር ሰዓት ሊሞላ አስራ አራት ደቂቃ ቀርቶታል፤ እሷ ግን ገና ደረጃው ላይ ናት፤ ያውም የኋሊት እየወረደች። ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ፣ በአንድ እጇ የብረት መደገፊያውን፣ በሌላው የመወልወያ እንጨቷን ጨብጣ፣ እግሯን ወደ ታች እየዳሰሰች። ጀርባዋ ላይ ያለው ቦርሳ ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል። አንድ ደረጃ በወረደች ቁጥር ውስጡ ያለው ነገር ቋ! ቋ! ይላል።

ታች፣ የመንገዱ ቢሮ በር ላይ ልጇ ቆማለች። በግራ እጇ ስልኳን ይዛ ሰዓቱን ታያለች፤ በቀኝ እጇ እስክሪብቶ ይዛለች። የእስክሪብቶውን ክዳን ታወልቃለች፣ ትከድናለች፣ ደግሞ ታወልቃለች።

«እማ! ፊትሽን አዙሪና ውረጂ እንጂ! ምን ነካሽ?»

«አታናግሪኝ! ቆጠራው ይጠፋብኛል!»

«ቆጠራ ምን ያደርግልሻል? ሰዓቱ እኮ ሄደ!»

«እኔስ ተቀምጫለሁ እንዴ? ሰዓቱም ይሂድ፣ እኔም ልሂድበት!»

ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ ግን ይሄ ሁሉ ግርግር የእብድ ሥራ ይመስላል።

ሴትየዋ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ስታጸዳ ኖራለች። ሕንፃው ባለ አስር ፎቅ ነው። ከአንዱ ፎቅ ወደሚቀጥለው ሃያ ሁለት ደረጃ፣ በጠቅላላው ሁለት መቶ ሃያ። ሊፍትማ አለ፤ ግን የሚሠራው ደስ ያለው ቀን ብቻ ነው። የሕንፃው ሰው ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ ትልቁም ትንሹም «እትዬ ደረጃ» ነው የሚላት። እሷም አቤት ትላለች።

ደረጃ የሚጸዳው ከላይ ወደ ታች ነው። ባልዲውን ይዘሽ አስረኛ ፎቅ ትወጫለሽ፤ ከዚያ ፊትሽን ወደ ደረጃው አዙረሽ የኋሊት እየወረድሽ ትወለውያለሽ። ፊትሽን ወደ ታች አድርገሽ ከወረድሽ የወለወልሽውን መልሰሽ አንቺው ትረግጪዋለሽ። ይሄን ማንም አላስተማራትም፤ ራሷ ረግጣ ረግጣ የደረሰችበት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀችም።

ሰባተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አንድ መስኮት አለ። በመስኮቱ የተራራ ሰንሰለት ይታያል፤ በሰንሰለቱ ወገብ ላይ ደግሞ ነጭ ክር የመሰለ ቀጭን መንገድ። እትዬ ደረጃ መስታወቱን ስትወለውል በጨርቋ መንገዱን ተከትላ ትሄዳለች፤ ትሄድና የተራራው ትከሻ ጋ ስትደርስ መንገዱ ይሰወራል። በየቀኑ። አንድ ቀን እዚያው ፎቅ ላይ የሚኖረውን የመንገድ ቀያሽ ጠየቀችው።

«ለመሆኑ ይሄ መንገድ የት ነው የሚገባው?»

«እሱማ የእግረኛ መንገድ ነው፣ እትዬ። አምስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ባሕር ላይ ነው የሚያልቀው።»

«ሰው ይሄድበታል?»

«ጉልበት ያለው ይሄድበታል።»

ጉልበቷን አየችው። ባልዲውን አየችው። መወልወሏን ቀጠለች። ነገር ግን ሆዷ ውስጥ የገባ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀረ።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ቦርሳ ውስጥ አሸዋ ሞልታ፣ አሮጌ የመወልወያ እንጨቷን እንደ ምርኩዝ ይዛ ወደዚያው ሕንፃ ተመለሰች። የሕንፃው ዘበኛ የድሮ ወዳጇ ነው፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በዓይኑ መዘናት።

«እትዬ፣ ጡረታ የወጣሽ መስሎኝ ነበር።»

«ወጥቻለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«አሸዋ።»

«አሸዋ የት ሊሄድ?»

«አስረኛ ፎቅ።»

«ማን ሊገነባ ነው?»

«ማንም። አወጣውና አወርደዋለሁ።»

ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገው። «እኔ ጡረታ ስወጣ እንዲህ ካደረገኝ» አለ፣ «ይዛችሁ እሰሩኝ።»

የመጀመሪያው ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሿ አለቀ። ቁጭ ብላ አየር ስትስብ የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ በሯን ከፍታ አየቻት።

«እሰይ! ተመለስሽልን! አዲሷ ልጅ እኮ ጥጋጥጉን አታየውም፣ እትዬ!» አለችና ምንም ሳትጠይቅ የቆሻሻ ከረጢት አስያዘቻት። እትዬ ደረጃም ተቀበለች። አሸዋውን ተሸክማ፣ ቆሻሻውን አንጠልጥላ ወረደች።

«ሊገሉሽ ነው!» አለ ዘበኛው። «እምቢ አትይም?»

«አፌማ እምቢ ሊል ነበር። እጄ ቀደመው» አለች። «እጅ ደግሞ ጡረታ አይወጣም።»

እንዲህ እያለች በሦስት ወር ውስጥ ከአራተኛ ወደ ሰባተኛ፣ ከሰባተኛ ወደ አስረኛ፣ ከአስረኛ ደግሞ በቀን አስር ጊዜ መውጣትና መውረድ ላይ ደረሰች። ዘበኛው ሥራ ስለሌለው ይቆጥርላታል፤ ሲቆጥር ግን አይታመንም።

«ስምንት!»

«ዘጠኝ ነው!»

«አንዱን በሊፍት ነው የወረድሽው!»

«ሊፍቱ ከሰኞ ጀምሮ ቆሞ የለም እንዴ? አንተ ዝም ብለህ በሩን ጠብቅ!»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል ከሳቁ በኋላ።

«እንቁላሉማ ይሄዳል» ትላለች ጫማዋን እያሰረች፣ «ግን እንደኔ አሸዋ አልተሸከመም።»

ጉልበቷ ጠነከረ፤ ትንፋሿ ተስተካከለ። ያልተስተካከለችው ልጇ ብቻ ነበረች።

የእግረኛ መንገዱን ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ብቻውን እስከ ባሕሩ ልሂድ ካለ የቅርብ ዘመድ ፊርማ ይጠይቃል። ዘመድ የተባለች ልጇ ብቻ ናት። ልጇ ነርስ ናት፤ ያውም የአጥንት ክፍል። ፎርሙን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስታየው በጣቷ ጫፍ ገፋችው።

«እማ፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ትንሽ ብቻ አዳለጠኝ› ነው የሚለው። ሁሉም። ‹ትንሽ ብቻ!› ከዚያ ስድስት ወር አልጋ።»

«የሚያዳልጣቸው ሽንት ቤት ውስጥ ነው ብለሽኝ የለ? ተራራ ላይ ወድቆ አንቺ ጋ የመጣ ስንት አለ?»

«ተራራ ላይ የወደቀማ እኛ ጋ አይደርስም!»

ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል።

«ደግሞ ብቻሽን!» አለች ልጅቷ። «ሰው እንኳ ሳይኖር! ደህና ቡድን አለ፣ መሪ አለ፣ መኪና አለ...»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ደረጃው ላይ ከማን ጋር ነበርኩ?» አለች እናትየው። «በቡድን ብሄድ ቀና ብዬ የማየው የሰው ጀርባ ነው። መንገዱን ነው ማየት የምፈልገው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።»

«እሺ፣ ሞኙ እኔ ልሁን። አንቺ ወረቀቱን ፈርሚልኝ።»

ልጅቷ ልትስቅ ነበር፤ ግን ያዘችው። የምትፈራውን ታውቀዋለች፤ በየቀኑ አልጋ ላይ ተኝቶ ታየዋለች። ቆይታ ቆይታ ራሷ መላ አመጣች። ሦስት ቀን። ሃምሳ አራት ኪሎ ሜትር፣ ከዚያው ከረጅሙ መንገድ ላይ የተቆረጠ፣ መጨረሻው የመንገዱ ቢሮ በር ላይ። አስራ አንድ ኪሎ ሸክም፣ ብቻዋን። በሦስተኛው ቀን አስር ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳለች።

«አስር ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ከሆነ ፎርሙን እዚያው ፊትሽ እቀደዋለሁ። አንቺም ሁለተኛ አታነሺብኝም። ከአፍሽ ብቻ ሳይሆን ከሆድሽ እሺ በዪ!»

«ቃሌ ነው። ከደረስኩስ?»

«እፈርማለሁ።»

«እያለቀስሽ?»

«እያለቀስኩ።»

ቦርሳው መጀመሪያ ሲመዘን አስራ ሰባት ኪሎ ሆነ። ሁለቱም መሬት ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ቀነሱ። ሁለተኛው ጫማ ወጣ። ድስቱ ወጣ፤ ኩባያ ይበቃል ተባለ። ከታች አንድ ጠርሙስ ተገኘ።

«እማ፣ ይሄ በረኪና ነው።»

«አዎ።»

«ተራራ ላይ በረኪና ምን ያደርጋል?»

«የማድርበት ጎጆ ቆሻሻ ቢሆንስ?»

በረኪናው ወጣ። አስራ አንድ ኪሎ ሲሞላ እናትየው ልጇ ዞር ስትል ሦስት ባዶ የቆሻሻ ከረጢቶች አጣጥፋ ከሥር ሸጎጠች። ባዶ ከረጢት ምን ይመዝናል? ምንም።

መጥፊያዋ ሊሆን የነበረው ግን እሱ ምንም የማይመዝነው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምንጭ አጠገብ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ወድቆ አየች። ጎንበስ አለች፣ አነሳች፣ ሄደች። ጥቂት ሄዳ ቆርቆሮ። ቀጥሎ የብስኩት ወረቀት። ይሄ ሁሉ ሲሆን ልቧ መንገዱ ላይ ነው፤ የሚሠራው እጇ ነው። ነጩ ክር እግሯ ሥር ነበር! ያ ከሰባተኛ ፎቅ በጨርቋ ስትከተለው የኖረችው መንገድ አፈርና ጠጠር ሆኖ ጫማዋ ሥር ሲንኮሻኮሽ ስትሰማው ብቻዋን ሳቀች። የተራራው ትከሻ ጋ ስትደርስ ዞራ ከተማውን አየችው፤ ሕንፃውን ለመለየት ሞከረች፤ ክብሪት አክሎ ነበር። «እስቲ አሁን ማን ነው የሚወለውልህ?» አለችው መስኮቱን። ከዚያ መንገዱ የሚሰወርበት ቦታ ላይ እሷም ተሰወረች።

በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ከረጢት ሞላ። እግሯ አላመማትም፤ ጎጆው ውስጥም ደህና ተኛች፤ ሦስተኛው ቀን ግን ጉድ መጣ። ረፋድ ላይ ሰው በመኪና እየመጣ የሚዝናናበት አንድ ሜዳ ላይ ደረሰች። ሜዳው ቆሻሻ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ፣ ላስቲክ፣ የተሰበረ ጃንጥላ፣ አንድ እግር የልጅ ጫማ። እትዬ ደረጃ ቦርሳዋን አወረደችና ከላይኛው ጥግ ጀመረች። ከላይ ወደ ታች፣ ጥግ ጥጉን፣ እንደ ወጉ። ምን እየሠራች እንደሆነ ለራሷም አልነገረችውም። ሲያልቅ ወገቧን ይዛ ሜዳውን ዞር ብላ አየችው፤ ጸድቷል። እንደ ሥራ መውጫ ሰዓት ደስ አላት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ እግሯን ዘረጋች።

ከዚያ ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት።

ሰባት ኪሎ ሜትር ይቀራታል፤ ከዚያም ላይ መጨረሻው ስድስት መቶ አርባ የድንጋይ ደረጃ ነው። ሁለት ሰዓት ብቻ።

«አንቺ የተረገምሽ!» አለች ራሷን፣ ጮክ ብላ። «ማን ቀጠረሽ? ማን ጠራሽ? ሠላሳ አንድ ዓመት አልበቃሽም?»

ሦስቱን ከረጢት ከድንጋዩ ኋላ አስቀመጠች። ቦርሳዋን አዘለች፤ እየሮጠች ሄደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ልማድ ነውና ትቆጥራለች። ሃያ ሁለት ላይ ቆመች። ሃያ ሁለት ማለት አንድ ፎቅ ነው። አንድ ፎቅ ሙሉ ቆሻሻ ከኋላዋ ትታ ወርዳ አታውቅም። ዝናብ ሲመጣ፣ ነፋስ ሲመጣ ያ ሁሉ ተመልሶ ሜዳው ላይ ሊበተን ነው፤ ይሄን ከማንም በላይ እሷ ታውቀዋለች። እያለቀሰች ይሁን እየተሳደበች ለራሷም አልለይ ብሏት ተመለሰች። ከረጢቶቹን ቦርሳው ውስጥ ጠቀጠቀች፣ የተረፈውን ላዩ ላይ አሰረች፤ ቦርሳው አልነሳ አለ። ተንበርክካ አዘለችና በመወልወያ እንጨቷ ተደግፋ ተነሳች።

እንዲህ ሄዳም አታውቅም። ዳገቱን በጥርሷ ወጣችው፤ ሜዳውን በሩጫና በእርምጃ መሃል በሆነ ነገር አለፈችው። ከድንጋዩ ደረጃ አናት ላይ ስትደርስ ሰላሳ ሁለት ደቂቃ ቀርቷት ነበር። ታች የቢሮው ቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ሳንቲም ያበራል።

መቶኛው ደረጃ ላይ ጉልበቷ እምቢ አለ። ቀኙ በተለይ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሚስማር የሚገባበት ይመስላል። ደረጃው ዳር ሁለት ወጣቶች ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ያሻሉ፤ አንዱማ እንባው ሊመጣ ደርሷል።

«ማዘር፣ ይቀመጡ» አላት አንደኛው። «ይሄ ደረጃ ሰው ይጨርሳል። እኛ እንኳ አልቻልነውም።»

ማዘር ሊቀመጡ ነበር፤ ሰውነቷ ወደ ድንጋዩ አዘነበለ። ግን ዓይኗ ደረጃው ላይ አረፈ። የተጠረበ ድንጋይ፤ ዳር ዳሩ አቧራ፤ መሃሉ በእግር የተላሰ። እንደ ሞኝ አፈጠጠችበት። ይሄ እኮ ደረጃ ነው። ሌላ ምንም አይደለም፤ ደረጃ ነው! ደረጃ ደግሞ በፊት ለፊት የሚወርድ ማን ነው?

ዞረች። መደገፊያውን ያዘች፣ እንጨቷን ተከለች፣ ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ ላከችው። ሚስማሩ ጠፋ። ግራዋን ላከችው። ምንም የለም። ጉልበቷ የሚያውቀውን መንገድ አገኘ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሄደበትን።

«ማዘር፣ ወዴት ነው?» አለ ወጣቱ።

«ሥራ ላይ ነኝ!» አለችው።

እንግዲህ ልጇ ከታች ያየቻት እንዲህ ስትወርድ ነው። ሃያ ሁለት ስትሞላ «አንድ ፎቅ» ትላለች፤ ሃያ ሁለት፣ «ሁለት ፎቅ።» አስራ ስድስተኛው ፎቅ ላይ የልጇን ጩኸት ሰማች፤ ያቺ አስራ አራት ደቂቃ የቀረችበት ሰዓት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ጩኸቷን ተወች። የእናቷን እግር ነበር የምታየው። እግሩ አይንቀጠቀጥም። ይዳስሳል፣ ያገኛል፣ ይረግጣል። የአጥንት ክፍል ነርስ ናትና እግር ስታይ ታውቃለች፤ በሕክምና ቤቱ ኮሪደር ውስጥ እንዲህ ያለ እግር አይታ አታውቅም።

እናቷ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስትደርስ ልጅቷ ወደ ደረጃው ሮጠች። ግን ብቻዋን ነው የተባለው፤ መንካት የለም። እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ጥፍሯ መዳፏን እስኪወጋው ድረስ ያዘቻቸው።

«...ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ሃያ ዘጠኝ ፎቅ። አንድ፣ ሁለት።»

እግሯ ደረጃ ፈልጎ አጣ፤ መሬት ነው። ዞረች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

ልጅቷ ስልኳን አየች፤ ስልኩን ራሱን ዘረጋችላት። ለአስር ሰዓት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ።

«እልልል!» አለች እትዬ ደረጃ፣ ማንም ሳያግዛት፣ ለራሷ።

የቢሮው ጸሐፊ ወጣት ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከበሩ ወጣ። ሕጉ ነውና ቦርሳውን ሚዛኑ ላይ ሰቀለው። መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

«አስራ አራት ኪሎ ከስምንት መቶ። እናቴ፣ ሲነሱ አስራ አንድ ነው ብላ ልጅዎ አስመዝግባለች።»

«ሲነሳማ አስራ አንድ ነበር።»

«ሰው ሲሄድ ይቀለዋል፣ ምግቡን ይበላል። እርስዎ ምን በልተው ነው የከበዱት?»

ከረጢቶቹን አወጣችና በሩ ላይ ደረደረችለት። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ አየ። ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮ፣ ጃንጥላ፣ የልጅ ጫማ። ከዚያ ራሱ ከረጢቶቹን አንጠልጥሎ ወደ ጀርባ ወሰዳቸው።

«ውል አፍርሰሻል» አለች ልጅቷ። «አስራ አንድ ኪሎ ነበር የተባባልነው።»

«ትርፉን ምርቃት በይው።»

«ብትወድቂስ ኖሮ? በዚያ ሁሉ ሸክም?»

«አልወደቅኩም። የምወድቀው በማላውቀው መንገድ ስሄድ ነው፤ ደረጃ ግን አውቃለሁ።» ላቧን ጠረገችና «አንቺስ ፈርተሽ ነው እንጂ ክፉ ሆነሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለቻት። «እኔም ፈርቼ ነበር። ሜዳው ላይ ሰዓቱን ሳይ እግሬ ተሳሰረ። ልዋሽሽ አልችልም።»

ልጅቷ የእስክሪብቶውን ክዳን አወለቀች። ፎርሙን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፈረመች። አንድ ጠብታ ፊርማው ላይ ወድቆ ቀለሙን አበላሸው።

«እያለቀስኩ አላልኩሽም?» አለች፣ እየሳቀች።

እናትየው እቅፍ አድርጋት ቀና ስትል ከላይ የሆነ ነገር አየች። እነዚያ ሁለት ወጣቶች እየወረዱ ነው። ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው፣ መደገፊያውን ይዘው፣ አንድ በአንድ፣ የኋሊት። አንደኛው ጮክ ብሎ ይቆጥራል።

«ጥግ ጥጉን!» ብላ ጮኸችላቸው። ከሳቋ የተነሳ ጉልበቷን ይዛ ቁጭ አለች።

ጸሐፊው ፎርሙን ተቀብሎ የቀረውን ሞላ። የምትነሳበት ቀን፦ ሰኞ። ሸክም፦ አስራ አንድ ኪሎ። እዚህ ላይ ቀና ብሎ አያትና «ሲነሱ» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ።

«ባሕሩ ጋ የሚደርሱበት ቀን ስንት ይባል፣ እናቴ?»

እትዬ ደረጃ ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። ሁለት መቶ ሃያ ደረጃ፣ ሃያ ሁለት በፎቅ፤ ይሄን ተኝታም ትቆጥረዋለች። አምስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ግን ስንት ፎቅ ነው? ከተራራው ትከሻ ወዲያ ያለውን ያየችው የሦስት ቀኑን ብቻ ነው። ጣቷን መልሳ ዘረጋችው።

«አላውቅም።»

«ባዶ መተው አይቻልም።»

«እንግዲያው አላውቅም ብለህ ጻፍበት።»

ልጅቷን አየ። ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። እሱም እንደተባለው ጻፈ።

ሰኞ ጠዋት ትነሳለች። ጉልበቷ እስከ ባሕሩ ይችል እንደሆነ፣ ዝናቡ ይይዛት እንደሆነ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ፕላስቲክ አይታ ማለፍ ትችል እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቀውም።